የእንግዶቼ ለቅሶ

እንግዳ መቀበል ቀላል ነገር ይመስላችኋል? ለእናንተ ይሆናል። እናንተ እንግዳ ሲመጣባችሁ "ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ቤት ያፈራውን ቅመሱ" ትላላችሁ፤ እንግዳውም ቀምሶ፣ አመስግኖ፣ የቤታችሁን ጉድፍ በዓይኑ ለቅሞ ይሄዳል። እኔ ግን አንድ ጊዜ ሁለት እንግዶች ተቀብዬ አርባ ሰው አስለቅሻለሁ። አርባ ያልሁት ቀንሼ ነው። ማጋነን ኃጢአት ነው ተብዬ ስላደግሁ፣ ቁጥር ሲያጋጥመኝ ሁልጊዜ ወደ ታች ነው የማደላው።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ጊዜ፣ በፎገራ ሜዳ ጫፍ፣ ጣና ዳር ነው። እኔ የዚያ አገር ሰው አይደለሁም፤ የቡልጋ ሰው ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እሜቴ የምላቸው ትልቅ ወይዘሮ ቤት ሳገለግል ኖሬ፣ ባለቤታቸው ጎንደር ሲሾሙ ተከትያቸው መጣሁ። እኚህ ባለቤታቸው፣ እኛ ጌቶች ነበር የምንላቸው፣ አንድ ጊዜ ለሥራ ፈረንጅ አገር ደርሰው ሲመለሱ፣ የሠለጠነ ሰው ውሃ ዳር ቤት ሠርቶ ዐሥራ አንድ ወር እንደሚቆልፈውና አንድ ወር እንደሚኖርበት ተምረው መጡ። ወዲያው ሐይቁ ዳር ባላቸው መሬት ላይ ሦስት ክፍል ያለው፣ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ ቤት አሠሩ። የሚኖሩበት አንዱ ወር ግን ሳይመጣ ቀረ፤ ሥራ በዛባቸው። ዐሥራ አንዱን ወር የሚጠብቅ ታማኝ ሰው ተፈለገ። እሜቴም "ከአንቺ የበለጠ የማምነው ሰው የለኝም" ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ወረታ ላይ ከአውቶቡስ ወርጄ፣ በበቅሎ ግማሽ ቀን ሜዳ ለሜዳ ስጓዝ ነው መታመን ሰውን ምን ያህል ርቆ እንደሚወስድ የገባኝ።

ፎገራን በክረምት ያላየ ሰው ብቸኝነትን አውቃለሁ ባይል ይሻለዋል። ከሰኔ ወዲያ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ሐይቁ ደግሞ ከወዲያ በኩል ይመጣል። ሁለቱ ሲገናኙ የእኔ ቤት መካከላቸው እንደ ተረሳ ታንኳ ይቆማል። የአገሩ ሰው ደግ ነው፤ ቤቱ ግን ሩቅ ነው። እግዜር ይስጣት፣ አበቡ የምትባል የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ሚስት በሁለት ቀን አንዴ ወተት ታመጣልኛለች፤ እሷም ከብቶቿ ስለሚጠብቋት እግሯን ሳታጥፍ ከደጅ ትመለሳለች። "ሸዌዋ፣ እንዴት አደርሽ" ትለኛለች፤ "እግዚአብሔር ይመስገን" እላታለሁ። የሁለት ቀን ወሬያችን ይኼ ነው። የቀረውን ከዶሮዎቼ ጋር እጨርሳለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ማዕዱ ነው። ብቻዬን መብላት አልለመድሁም። አንድ ቀን እራቴን ስበላ "በሞቴ ይቺን" ብዬ ለራሴ ጉርሻ ጠቅልዬ፣ "ኧረ በቃኝ" ብዬ እንቢ ብዬ፣ እንደገና ተለምኜ ስጎርስ ራሴን ያዝሁት። ሁለተኛውን ግን አልጎረስሁም፤ በቃኝ ማለቴ እውነቴን ነበር።

እንዲህ ሳለሁ በጥቅምት፣ መሬቱ ጠፈፍ ማለት ሲጀምር፣ ከእሜቴ ደብዳቤ ደረሰኝ። "ከአዲስ አበባ የጌቶች ወዳጅ የሆኑ አቶ ሰይፉ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሮማን ጋር ይመጣሉ። ዐሥር ቀን ይቀመጣሉ። ጸጥታ ነው የሚፈልጉ። ቤቱን አሳይተሽ፣ የሚያሻቸውን ሰጥተሽ፣ ብቻቸውን ተያቸው" ይላል።

"ዐሥር ቀን" የሚለውን ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት አልነግራችሁም። "ብቻቸውን ተያቸው" የሚለውን ግን ጸሐፊው ተሳስቶ የጻፈው ነው ብዬ አለፍሁት። እንግዳ ብቻውን ይተዋል? ከብት እንኳ ከብት ያጫውተዋል። እኔ የለመንሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እነዚህ ሰዎች ዐሥሩን ቀን አንድም ሳያጎድሉ እንዲቀመጡልኝ። ዐሥር ቀን ማለት ሃያ ማዕድ ነው፤ ቁርስን ሳልቆጥር።

ዝግጅቱን አሳመርሁት። ያ ሲሚንቶ ወለል ሁልጊዜ ራቁቱን የቀረ ይመስለኝ ስለ ነበር፣ በእበት ጥሩ አድርጌ ለቀለቅሁት። በላዩ ቄጠማ ጎዘጎዝሁ። ከይፋግ ገበያ ያስመጣሁትን አዲስ ማድጋ በውሃ ሞላሁ። ጌቶች ከውጭ ያመጡት አንድ ነጭ፣ ስስ፣ ዓይን ዓይን ያለው ሰፊ ጨርቅ በሣጥን ውስጥ ነበር፤ ለምን እንደሚሆን ማንም ስላልነገረኝ፣ እንዲህ ያለ ጥሩ ነገር ለሰው አይሆንም ብዬ ለእመቤታችን ሥዕል መጋረጃ ካደረግሁት ቆይቷል። እሱን አጠብሁና መልሼ ሰቀልሁት።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደረሱ። መኪናቸውን ወረታ ትተው በበቅሎ ነው የመጡት። አቶ ሰይፉ ከሲታ፣ ፊታቸው የገረጣ ሰው ናቸው። ወይዘሮ ሮማን ቀጭን ተረከዝ ያለው ጫማ አድርገው ነበር፤ አንዱ ከመንገድ ጭቃ ውስጥ ቀርቷል። ገና ሲገቡ አቶ ሰይፉ አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አድርገው፣

"ሮማን፣ እዚህ ቤት ላም አለ እንዴ?" አሉ።

"የለም ጌታዬ፤ ለእርስዎ ክብር የተለቀለቀ ነው" አልሁ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አሉ፤ መስኮቱንም ከፈቱ።

እግር ላጥብ ብዬ ሞቅ ያለ ውሃ አቀረብሁ። ወይዘሮ ሮማን "ኧረ አይገባም እትዬ" እያሉ ሲከላከሉ እኔ እያቃለልሁ እግራቸውን ያዝሁ። ያዝ አድርጌ ሳሽ ቆዳቸው ተንሸራቶ ወደ ቁርጭምጭሚታቸው ወረደ። "በስመ አብ" ብዬ እግራቸውን ለቀቅሁት። ለካስ ቆዳቸው አይደለም፤ እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ፣ የእግር መልክ ያለው ካልሲ ኖሯል። እሳቸው ሳቁ። እኔ ግን በእጄ ሰው የገፈፍሁ መስሎኝ እስከ ማታ ድረስ እጄ አልተመለሰልኝም።

ማታ በማዕድ ላይ አብሬያቸው ተቀመጥሁ። ጎረስን፣ አጎረስን፤ ማለት እኔ አጎረስሁ። አቶ ሰይፉ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው ተነሡ። ሲተኙ በራቸው ላይ ምንጣፌን ዘረጋሁ፤ በማያውቁት ቤት ምን ይፈልጉ እንደሁ ብዬ። ጎሕ ሲቀድም እዚያው ሆኜ ዳዊቴን ደገምሁ። የእኔ ድምፅ ለጸሎት ጥሩ ነው ይሉኛል፤ ጠንከር ያለ ነው።

በሁለተኛው ቀን ወይዘሮ ሮማን "እትዬ፣ እርስዎም ደክሞዎታል፤ ትንሽ ይረፉ እንጂ፤ እኛ ብቻችንን እንሆናለን" አሉኝ። እንዴት ያሉ ለሰው አሳቢ ናቸው ብዬ የበለጠ ወደድኋቸው፤ ቁርስም ምሳም እራትም አጠገባቸው ዋልሁ። ሐይቁን ሊያዩ ሲወጡ ተከተልኋቸው። ሐይቁን ሲያዩ እኔ እነሱን አየሁ። ሲጠቃቀሱ አየሁ፤ ግን የባልና ሚስት ጥቅሻ የራሱ ነገር አለው ብዬ ዓይኔን መለስሁ።

ዓርብ ጠዋት አቶ ሰይፉ ለሚስታቸው "ከዚህ ጎርጎራ ብንሄድ ይሻል ነበር" ሲሉ ሰማሁ። በእጄ የያዝሁት የውሃ ዋንጫ ከበደኝ። ገና ሦስተኛው ቀን ነው። ምን ጎደለባቸው? ምን አስከፋቸው? አንድ ዓይነት ነገር ልባቸውን ይዞታል ብዬ ትኩር ብዬ አየኋቸው። ምናለ ባላየሁ።

ወይዘሮ ሮማን የመጡት በጥቁር ቀሚስ ነው። በማግስቱም ጥቁር፣ ያን ቀንም ጥቁር። ጠጉራቸው ከጆሯቸው በላይ ተቆርጧል፤ በእኛም አገር በፎገራም ሴት እንዲህ የምትቆረጠው የሥጋዋ ሰው ሲሞትባት ነው። አቶ ሰይፉ ከመጡ ጢማቸውን አልተላጩም። በርበሬ ያለበትን አይነኩም፤ አልጫውንም ቢሆን ለማስመሰል ነው የሚቀምሱት። ተቀምጠው ሐይቁን እያዩ "እህ" ይላሉ። የሁለቱም ዓይን ቀልቷል፣ ቆቡ አብጧል። ከተኙም በኋላ በበሩ በኩል እሰማቸዋለሁ፤ ይገላበጣሉ፣ ያቃስታሉ፣ ጧ ጧ እያደረጉ ፊታቸውን በጥፊ ይመታሉ።

ፊቱን የሚመታ፣ የማይበላ፣ የማይላጭ፣ ጥቁር የለበሰ፣ ጠጉሯን የቆረጠች። ከዚህ በላይ ማን ጥሩንባ ይንፋልኝ? ሐዘን ነው። ሐዘናቸውን ይዘው፣ ከሰው ሸሽተው፣ ውሃ ዳር ብቻቸውን ሊቀመጡ ነው የመጡት።

"ታዲያ አትጠይቂያቸውም ነበር?" ትሉኛላችሁ። እኔ ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ሐዘንተኛን "ማን ሞተብሽ?" ብሎ መጠየቅ ያልሻረ ቁስል መነካካት ነው። ደግሞም ብቻን የሚቀመጡት ሐዘን ምን እንደሆነ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። እናቴ ቡልጋ ላይ ያረፈች ጊዜ ደብዳቤው የደረሰኝ አርባዋ ካለፈ በኋላ ነው። ሐምሌ ነበር፤ ዙሪያዬን ውሃ። ደብዳቤውን አጥፌ ዳዊቴ ውስጥ አስቀመጥሁና ቤቱን ጠረግሁ። ሌላ ምን ይደረጋል? ብቻውን የሚያለቅስ ሰው የገዛ ድምፁ ያስደነግጠዋል። ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አላለቀስሁም። እኔ በምጠብቀው ቤት ሁለተኛ ሰው እንዲህ እንዲሆን አልፈቅድም አልሁ።

ኃጢአቴንም ልናገር። በልቤ ሌላም አስቤያለሁ። ሰው መጥቶ ካስተዛዘናቸው ልባቸው ይረጋል፣ ልባቸው ከረጋ ጎርጎራን ይተዉታል፣ ዐሥሩ ቀን ይሞላል አልሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አበቡ ወተቱን ይዛ ስትመጣ ወደ አጥሩ ጥግ ሳብሁዋት።

"አበቡ፣ ለማንም አትናገሪ። እንግዶቼ ሐዘንተኞች ናቸው።"

"አንች ሴት፣ ማን ሞተባቸው?"

"አልጠየቅሁም።"

"ቅርብ ሰው ነው?"

"ጠጉሯን ከጆሮዋ በላይ ነው የቆረጠችው።"

አበቡ አፏን በነጠላዋ ያዘች። "ወይኔ፣ እንዲያ ከሆነስ እናት ወይ ልጅ ነው። እኛ ደግሞ ዘፈን ስንዘፍን ነበር ከትላንት ወዲያ፣ ሠርግ አጃቢ ሆነን። ምን ይሉን ይሆን?"

"አልሰሙም። ብቻ ለማንም አትናገሪ።"

"ለማን እነግራለሁ" አለች።

አበቡ የነገረችው ለባሏ ብቻ ነው። ባሏ ለመምሬ አዱኛ ብቻ ነገረ። መምሬ አዱኛ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናኑ ብቻ ነገሩ። እኔ እንግዳ ጥዬ መሄድ አልሆነልኝምና ያን እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሳምሁም፤ ስለዚህ ከአጥቢያው ሁሉ ይኼን ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርሁ።

ሰኞ ማለዳ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ወይዘሮ ሮማን በረንዳው ላይ መጽሐፍ ያነባሉ። አቶ ሰይፉ ደግሞ፣ በዚያው ቀን መሆኑ፣ ጢማቸውን ሊላጩ መስታወት መስኮቱ ላይ አቁመው ፊታቸውን ሁሉ ሳሙና ቀብተዋል። ግማሹን ላጭተው ግማሹ ሳሙና እንደሆነ፣ ከሜዳው ማዶ ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሳቢሳ የሚሉት ነጭ ወፍ መሰለኝ። ቀረብ ሲል ሰው ሆነ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ድረስ፤ ከኋላ ደግሞ ሴቶች የእዝን መሶብ ተሸክመው። መምሬ አዱኛ በበቅሎ ፊት ፊት ይመራሉ። ከአጥሩ ሲደርሱ አንዴ ቆም አሉና ለቅሶውን አነሡት።

የፎገራን ለቅሶ ለማታውቁት፣ በጥቂት ሰው አፍ የሚለቀስ አይደለም። ዶሮዎቼ እስከ ማግስቱ አልተመለሱም።

ፊት ለፊት የመጣችው እቴ ደብሬ ነበረች፤ የአጥቢያው አልቃሽ አሮጊት። እጇን ዘርግታ እየተወዛወዘች ወደ እኔ ጠጋ አለችና በለቅሶው መካከል በሹክሹክታ፣

"ማን ልበል?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"ስሙን ነዋ። ወንድ ነው ሴት? ባለ መሬት ነው ባለ ዳዊት?"

"አላውቅም እቴ ደብሬ፤ አልዋሽም።"

"ላላየሁት ሰው ማስለቀስ እንዴት ያለ ሥራ ነው" ብላ አጉረመረመችና፣ ግን የሥራዋ ሰው ናትና፣ ድምፅዋን አንሥታ ገጠመች፦

"ፊትህን ሳላየው ስምህን ሳልጠራ፣
አለቅስልሃለሁ በሌላ ሰው ተራ።"

ሕዝቡ ተቀበለ። ወይዘሮ ሮማን ከወንበራቸው ተነሥተው ቆመው ነበር። መጽሐፉ ወደቀ። ካህን በፊት፣ አልቃሽ በኋላ፣ ሕዝብ ነጠላ ዘቅዝቆ ማለዳ ቤቷ ሲመጣባት አንዲት ሴት ምን ታስባለች? መርዶ ነው የምታስበው። ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

"እማዬ ናት?" አሉ። "ሰይፉ፣ የእማዬን ሞት ሊነግሩኝ ነው የመጡት።" ብለውም እዚያው በረንዳው ወለል ላይ ተቀመጡና እሪ አሉ።

እቴ ደብሬ ፊቷ በራ። "እናት ናት" አለች ወደ ሰው ዞር ብላ። "እናት ናት" ተባባለ ሰው ሁሉ። ለቅሶው አሁን ገና ለቅሶ ሆነ።

አቶ ሰይፉ ግማሽ ፊታቸው ሳሙና እንደሆነ፣ ምላጩን በእጃቸው ይዘው ሮጠው ወጡ። ሴቶቹ ወደ ኋላ አሉ። "ምስኪን፣ አእምሮውን ነክቶታል" አለ አንድ ሰው።

"ማን ነው የሞተው? ንገሩን እንጂ" አሉ አቶ ሰይፉ።

"እኛስ መች አወቅን" አለች አበቡ እንባዋን እየጠረገች፣ "ከእርስዎ እንሰማለን ብለን ነው የመጣነው።"

መምሬ አዱኛ በቅሏቸው ላይ ሆነው መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። ለቅሶው ጸጥ አለ። "ልጄ" አሉ፣ "ማን ሞቶብዎት ነው?"

"ማንም አልሞተብኝም አባ።"

"ባለቤትዎስ? ጥቁር መልበሳቸው?"

ወይዘሮ ሮማን ዓይናቸውን እያበሱ ቀና አሉ። "ይኼ? ጥቁር ያምርብሻል ብለውኝ ነው አባ።"

"ጠጉርዎስ?"

"ከተማ እንዲህ ነው የሚቆረጡ።"

"እርስዎስ ጌታዬ፣ አይበሉ፣ አይላጩ?"

"ጨጓራዬን ያመኛል። ሐኪሙ በርበሬ ተው፣ ሥራ ተው፣ ምላጭም ቢሆን ተወው፣ ሰው የሌለበት ሄደህ ተኛ ብሎኝ ነው። ሰው የሌለበት!" አሉ፤ ከአጥር እስከ አጥር የሞላውን ሕዝብ እያዩ።

"ፊታችሁን በጥፊ ስትመቱስ?" አልሁ እኔ፤ ዝም ማለት ሲገባኝ።

"ትንኝ ነዋ እትዬ!" አሉ ወይዘሮ ሮማን። "ዓይናችንን አያዩትም? አጎበር አለ ተብለን መጥተን አጎበሩ የታለ?"

ያን ጊዜ ነው ያ ዓይን ዓይን ያለው ጨርቅ አጎበር እንደሚባልና ለምን እንደሚሆን የተማርሁት። የት እንዳለ ግን ለመናገር አፌ አልታዘዘልኝም። አርባ ሰው፣ ቀንሼ ነው፣ ወደ እኔ ዞሮ ያየኛል። ጭቃው ሲደርቅ ከእግራቸው ላይ ሲረግፍ ይሰማኛል።

አቶ ሰይፉ ፊታቸውን በፎጣ አበሱ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። "ሮማን፣ እቃሽን ያዢ። ዛሬውኑ እንሄዳለን" አሉና ገብተው ሻንጣውን ጎትተው በረንዳው ላይ አወጡት። ከሰዎቹ አንዱን በቅሎ እንዲያከራያቸው ጠየቁት።

ስድስት ቀን። ከዐሥሩ አራቱ ጎደለ፤ ያውም በእኔ እጅ። መሬት ብትከፈት ብገባ ባልሁ፤ ግን የፎገራ መሬት በጥቅምት እንዲሁም ለስላሳ ናትና ልመናውን ፈራሁት።

ይኼ ሲሆን ሌላ ጭንቅ ተነሣ። ሴቶቹ መሶባቸውን እንደያዙ ቆመዋል። እዝን ከቤት ከወጣ፣ ሐዘንተኛ ሳይቀምሰው ወደ ቤት አይመለስም። ከተመለሰ፣ ተሸካሚዋ ለራሷ ቤት ሞት ይዛ እንደገባች ነው። ለቅሶም እንዲሁ ነው። ተነሥቶ ባለቤት ካጣ ሟርት ይሆናል።

"አባ፣ ምን እናርገው?" አለች አበቡ። "የእኔ ቤት ሕፃናት አሉ። ይኼን መሶብ ይዤ አልገባም።"

"ሐይቅ ውስጥ ይጣል?" አለ አንዱ።

"እህል ነው፤ ነውር ነው" አሉ መምሬ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ልጅ፣ ይኼን ሁሉ ሰው ያመጣሽ አንቺ ነሽ። ለመሆኑ ለራስሽ ሰው ሞቶብሽ ያውቃል?"

ጥያቄው እንደ ተግሣጽ ነው የተሰነዘረው። እኔ ግን የምመልሰው ነበረኝ።

"እናቴ፣ አባ።"

"መች?"

"ደብዳቤው ከደረሰኝ ባለፈው ሐምሌ ሁለት ዓመት ሆነው። ያረፈችው አገሬ ላይ ነው።"

"ማን አለቀሰልሽ?"

"ውሃ ነበር። ማንም አልነበረም።"

"አንቺስ ምን አደረግሽ?" አለች አበቡ።

"ቤቱን ጠረግሁ።"

አበቡ መሶቧን መሬት ላይ አስቀመጠች። "ሁለት ዓመት ሙሉ?" አለች። "እኔ በሁለት ቀን አንዴ እየመጣሁ? እንዴት አደርሽ ስልሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ስትይኝ?" ተቆጥታ ነው የምትናገረው። "አንች ክፉ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይዘሽ ወተት ትቀበይኛለሽ?" ብላ ደረቴን በጡጫዋ መታ አደረገችኝና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

እቴ ደብሬ ጉሮሮዋን ጠረገች። አሁን ስሙንም አገሩንም አልጠየቀችም፦

"እናት ሞታ ኖራ ልጅ ቤት ትጠርጋለች፣
ሰው አጥታ ነው እንጂ መቼ ዝም ትላለች።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። ድምፄ ጠንካራ ነው ብያችኋለሁ። ሁለት ዓመት የተዘጋ በር ነበር፤ ሲከፈት የመጣልኝ የራሴ ድምፅ አልመሰለኝም፤ ግን አላስፈራኝም፤ ከግራም ከቀኝም ሌላ ድምፅ ነበረ። ሴቶቹ ይዘውኝ ነበር። "እማዬ፣ የቡልጋዋ" ስል "የቡልጋዋ" ይላሉ፤ ቡልጋን አንዳቸውም አላዩትም።

ቀና ስል፣ ወይዘሮ ሮማን አጠገቤ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። እቃቸውን አልያዙም። በዚያ ጥቁር ቀሚስ፣ በዚያ በተቆረጠ ጠጉር፣ ከእኔ ይልቅ እሳቸው የሟች ልጅ ይመስላሉ። እጄን ይዘው ያለቅሳሉ፤ ለእናቴ ይሁን የራሳቸው እናት በሕይወት ስላሉ አልጠየቅኋቸውም። አቶ ሰይፉ ሻንጣውን ይዘው ደረጃው ላይ ቆመው ነበር።

"ጌታዬ፣ በቅሎው ይጫን?" አለ ባለ በቅሎው።

አቶ ሰይፉ ሚስታቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ አርባውን ሰው አዩ። "ሐዘንተኛ ቤት ትቶ ማን ይሄዳል?" አሉና ሻንጣውን መልሰው አስገቡት። ሲመለሱ ጋቢ ለብሰው ወጥተው ከወንዶቹ ጋር ተቀመጡ። ግማሽ ፊታቸው ጢም ነበረ፤ ሐዘንም ጤናም በአንድ ፊት። የእዝኑን እንጀራ አቀረቡላቸው። ወጡ ቀይ ነበር። በሉ። ሰው ሁሉ ሲበላ እምቢ ማለት አፈሩ። ጨጓራቸውም ያን ቀን ይሉኝታ ይዞት መሰለኝ ዝም አለ።

እስከ ሠልስት ድረስ ሰው ቤቱን አልለቀቀውም። ሰው የሌለበት ቦታ የታዘዘላቸው አቶ ሰይፉ ገብስና ኑግ በስንት ወር እንደሚደርስ፣ ርብ በየት በየት እንደሚሰበር፣ የበሬ ዕድሜ በጥርሱ እንዴት እንደሚታወቅ ተማሩ። እንደገና ሲተኙ አጎበሩ ከላያቸው ነበር፤ ያለበትን በሹክሹክታ ስነግራቸው መምሬ አዱኛ "እመቤታችን ለእንግዳ ትሰጣለች" ብለው በገዛ እጃቸው አወረዱላቸው። ከሠልስቱ በኋላም አልሄዱም። ዐሥሩ ቀን ሞላ።

እኔ ግን ሕሊናዬ አላረፈም። ያን ለቅሶ ያለቀስሁት ለእናቴ ነው ወይስ ሻንጣው እንዲገባልኝ? መምሬ አዱኛ ዘንድ ሄጄ ተናዘዝሁ። ጢማቸውን እያሻሹ ሲያዳምጡኝ ቆዩና "ስንቱ ለእናትሽ፣ ስንቱ ለእንግዶችሽ ይመስልሻል?" አሉኝ። "እኩል ሳይሆን አይቀርም" አልሁ። "እንግዲያው አርባ ስግደት ስገጂ፤ ሃያውን ለሷ፣ ሃያውን ለእነሱ።" ሰገድሁ። የእናቴን ፈጥኜ ጨረስሁት፤ የእንግዶቼ ጉልበቴን አመመኝ።

ሲሄዱ እስከ ሜዳው አጋማሽ ሸኘኋቸው። ወይዘሮ ሮማን በቅሏቸው ላይ ሆነው እየዞሩ አዩኝ። እኔም ቆሜ ሁለት ነጥብ እስኪሆኑ፣ ከዚያም አንድ፣ ከዚያም ሜዳ ብቻ እስኪሆን አየሁ። ቤት ገብቼ ለራሴ አንድ እንጀራ አወጣሁ። ጉርሻ አልጠቀለልሁም።

እንግዶቼ ከሄዱ ወር ሊሞላቸው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የሚለቀም ምስር ይዤ ደጅ ተቀምጬ ሳለ፣ አበቡን ከሩቅ አየኋት። ወተት አልያዘችም። ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። ከአጥሩ ማዶ ሆና፣ እንደ ወትሮዋ ሳትገባ፣ ተጣራች።

"ሸዌዋ፣ የጎረቤቴ የአያ ደሴ እናት አረፉ። ሴቶቹ እኔ ቤት እየተሰበሰቡ ነው። ፈጠን በይ፤ ቦታ ይዤልሻለሁ።"

ምስሩን ጥዬ ተነሣሁ። ነጠላዬን ዘቀዘቅሁ፤ መሶብም ስሞላ ከልቤ ላይ አንድ ነገር እንደ ዶሮ ክንፉን ይመታ ነበር። ቁሐር እስክንደርስ ድረስ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ በመንገዱ ሁሉ ፊቴን ሐዘን ለማስመሰል ስታገል ደከመኝ፤ አበቡም አይታኝ "ምን ሆነሻል አንች፣ ለቅሶ ነው እኮ የምንሄደው" አለችኝ።